የእንግዶቼን ዋይፋይ ልመዝግብ ወይስ አልመዝግብ?

ጥያቄ፦ «ሐዋሳ ውስጥ 14 ክፍሎች ያሉት የእንግዳ ማረፊያ አለኝ። ዋይፋዩ ለሁሉም በአንድ የይለፍ ቃል የሚሠራ ሲሆን ቃሉ በየክፍሉ በር ጀርባ ተለጥፏል። ባለፈው ወር ሁለት ሰዎች መርማሪዎች ነን ብለው መጡ። ከሰባት ሳምንት በፊት ከእኔ ቤት መስመር አንድ ሰው በሐሰተኛ ስም ገንዘብ ማጭበርበሩን ነገሩኝና ማን እንደነበረ የሚያሳይ መዝገብ ጠየቁኝ። የለኝም። ኔትወርኩን የሚሠራልኝ ወጣት ‹እንግዶች የሚገቡበትን ድረ ገጽ ሁሉ የሚመዘግብ መሣሪያ ልግጠምልዎትና ለሁልጊዜ ይቀመጥ› ይላል። ከሕግ ጋር መተባበር እፈልጋለሁ። እንግዶቼን መሰለል ግን አልፈልግም። ምን ላድርግ?»

ምላሽ፦

ወጣቱ ያቀረበልዎትን መሣሪያ አይግዙ። ምንም ሳይመዘግቡ መቀጠሉም አያዋጣዎትም። መልሴ በአጭሩ ይኸው ነው፤ ምክንያቱን ለማስረዳት ግን ትንሽ ዘለግ ማለት ይኖርብኛል። አስቀድሜ ልናገርና እኔ የኔትወርክ ባለሙያ እንጂ ጠበቃ አይደለሁም። ሕጉን የማነበው ለዓመታት እንዲህ ዓይነት መዝገብ ሲይዝና ሲጠየቅበት እንደኖረ ሰው ነው።

በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 በአንቀጽ 24 ላይ፣ አገልግሎት ሰጪ በሥርዓቱ የሚያልፈውን የትራፊክ ዳታ ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንዲያቆይ ያዛል። አብዛኛው ሰው አንቀጹን እስከዚህ ድረስ አንብቦ ይተወዋል። እዚያው ላይ ግን ሁለተኛ ትእዛዝ አለ፤ ዳታው ፍርድ ቤት እንዲገለጥ ካላዘዘ በስተቀር በምስጢር ይያዛል። ስለዚህ ማቆየቱም፣ አለማውጣቱም ግዴታ ነው። ያለ ትእዛዝ ለጠየቀ ሁሉ መዝገብ የሚሰጥ ሰው ተባባሪ ዜጋ ቢመስልም የሕጉን ግማሽ ጥሷል።

የትራፊክ ዳታ የሚባለው የግንኙነቱ መነሻ፣ መድረሻ፣ መንገድ፣ ቀን፣ ሰዓት፣ የቆይታ ጊዜና መጠን ነው። ማን ከማን ጋር በስንት ሰዓት ቡና ጠጣ የሚለው እንጂ ምን ተወራ የሚለው አይደለም። ሐዋሳን ለሚያውቅ ግን ማን ከማን ጋር ፍቅር ሐይቅ ዳር እንደተቀመጠ ማወቅ ወሬውን ከመስማት ብዙም አይተናነስም።

«እኔ አልጋ አከራያለሁ እንጂ ቴሌ አይደለሁም» ይሉኝ ይሆናል። አዋጁ አገልግሎት ሰጪ የሚለውን ቃል ሰፋ አድርጎ ተርጉሞታል። በኮምፒውተር ሥርዓት አማካይነት የግንኙነት አገልግሎት ወይም አማራጭ መሠረተ ልማት ለተጠቃሚ የሚያቀርብ ሰው በትርጉሙ ሥር ሊወድቅ ይችላል። የእንግዳ ማረፊያ ይገባበታል ወይስ አይገባበትም፣ ከገባስ ሥርዓቱ ራሱ የማያመነጨውን ዳታ አዲስ ፈጥሮ የመያዝ ግዴታ አለበት ወይ የሚሉት ጥያቄዎች የሕግ ሰዎችን የሚያከራክሩ ናቸው። እኔ «ያቆይ» የሚለው ቃል «ያምርት» ማለት አይመስለኝም። ለጠበቃዎ ይህንኑ ጥያቄ በዚሁ አነጋገር ያቅርቡለት። እስከዚያው ይመለከተኛል ብለው ይነሱ፤ ጥቂት ነገር በሥርዓት መያዝ ብዙ አያስከፍልም።

በዚህ አንቀጽ የማልወዳት አንዲት ቃል አለች፤ «ቢያንስ» የምትለዋ። ወለሉን አበጅታ ጣሪያውን ክፍት ተወችው። የወጣቱ «ለሁልጊዜ ይቀመጥ» የሚገባው በዚያ ክፍተት ነው። ጣሪያው የመጣው ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ2016 ዓ.ም. በወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ነው። በዚህ አዋጅ መሠረት የሰው ዳታ የሚሰበሰበው ለታወቀ ዓላማ፣ ለዓላማው በሚበቃ መጠን ነው፤ ከሚያስፈልገው ጊዜ በላይም አይቀመጥም። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ሁለቱን አዋጆች ጎን ለጎን ሳነባቸው የማገኘው ቀላል ነው፤ አንድ ዓመት ይያዝ፣ በ366ኛው ቀን ይሰረዝ። ከሁሉም በላይ ያለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 በስልክና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚደረጉ ግንኙነቶች አይደፈሩም ሲል፣ ገደብ የሚጣለውም በተለይ በተደነገገ ሕግ መሠረት፣ አስገዳጅ ሁኔታ ሲኖር ነው ይላል።

ሁሉንም መዝግቦ ማከማቸት ምን እንደሚመስል ሌሎች ቀድመውን አይተውታል። የአውሮፓ ኅብረት ከማድሪዱ የ2004 እና ከለንደኑ የ2005 የቦምብ ጥቃቶች በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 የስልክና የኢንተርኔት ኩባንያዎች የሁሉንም ደንበኛ የግንኙነት ዳታ ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት እንዲያቆዩ የሚያዝ መመሪያ አወጣ። ጀርመናዊው የአረንጓዴ ፓርቲ ፖለቲከኛ ማልቴ ስፒትዝ ዶይቸ ቴሌኮም ስለ እርሱ ያስቀመጠውን የስድስት ወር መዝገብ ተሟግቶ አስወጣ። ከ35 ሺህ በላይ መረጃዎች ነበሩበት። ዲ ጻይት የተባለው ጋዜጣ በድረ ገጹ እ.ኤ.አ. በ2011 ካርታ ላይ ሲያስቀምጣቸው ሰውየው የት እንዳደረ፣ መቼ ባቡር እንደተሳፈረ፣ መቼ እንደተኛ አንድ በአንድ ይታይ ነበር። በውስጡ አንድም የተነገረ ቃል የለም። መመሪያውን የኅብረቱ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 8 ቀን 2014 ሻረው። ዋናው ምክንያት ከወንጀል ጋር ምንም ንክኪ የሌለውን ሰው ጨምሮ የሁሉንም ሕዝብ ዳታ ያለ ልዩነት የሚሰበስብ መሆኑ ነበር።

ታሪኩ ግን እዚያ አላለቀም፤ የመዝገብ ጠላቶች ብዙ ጊዜ ይህን ክፍል ይዘሉታል። ያው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2020 በሰጠው ውሳኔ የግንኙነቱ መነሻ የሆነውን አይፒ አድራሻ (አንድ መስመር በኢንተርኔት ላይ የሚታወቅበትን ቁጥር) ብቻ፣ ለተወሰነ ጊዜ፣ ከባድ ወንጀልን ለመከላከል ማቆየት ይቻላል ብሏል። በኢንተርኔት የሚፈጸም ወንጀል ብዙ ጊዜ ሌላ ዱካ የለውምና። ስለ እርስዎ ቤት ሳስብ ይህ ልዩነት ነው የሚመራኝ። «ይህ መስመር በዚያ ሰዓት የማን ነበር?» የሚለው ጥያቄ መልስ ይኑረው። «እንግዳው የት የት ገባ?» የሚለው ግን ከመጀመሪያውም አይመዝገብ።

ስለ ማከማቸት አንድ ነገር ልጨምር። የአሜሪካው ኤቲ ኤንድ ቲ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 ይፋ እንዳደረገው፣ የሁሉም ለማለት በሚያስችል ደረጃ የሞባይል ደንበኞቹ የጥሪና የአጭር መልእክት መዝገብ ተሰርቋል። የተሰረቀው መዝገብ በአብዛኛው ከግንቦት እስከ ጥቅምት 2022 ያለው ነበር፤ ሌቦቹ ሲወስዱት ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ያለፈው ማለት ነው። ይህን ያህል የጥበቃ ባለሙያ የሚቀጥር ኩባንያ ያልጠበቀውን እርስዎ በእንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ሥር ባለ ኮምፒውተር እጠብቃለሁ ብለው አይድከሙ።

አሁን ወደ ሥራው። የወጣቱ መሣሪያ መርማሪዎቹን ቢያስደስት ኖሮ እንኳ እከራከርበት ነበር፤ የሚገርመው እነርሱንም አለማስደሰቱ ነው። ዛሬ አብዛኛው ግንኙነት የተመሰጠረ ስለሆነ መሣሪያው የሚያየው የሚሄዱበትን ድረ ገጽ ስምና አድራሻ እንጂ እዚያ ውስጥ የተደረገውን አይደለም። ማታ 2 ሰዓት ላይ በ14 ክፍሎች ያሉ እንግዶች ሁሉ ቴሌግራም ወይም ፌስቡክ ላይ ናቸው። አጭበርባሪው የተጠቀመው ከእነዚህ አንዱን ከሆነ መዝገብዎ የሚለው «ሁሉም ነበሩ» ነው። በምትኩ ለሥራ የመጣው ሰው ስለ የትኛው በሽታ እንዳነበበ፣ የጫጉላ እንግዶችዎ ምን እንደፈለጉ፣ ለስብሰባ የመጣው የትኛውን ፓርቲ ገጽ እንደከፈተ ያውቃል። ለምርመራው የማይረባውን ሁሉ ይዞ የሚረባውን ያጣ መዝገብ ነው።

ከዚያ በፊት የሚቀድም ነገርም አለ፤ በር ጀርባ የተለጠፈው ቃል። ስንት ዓመት ሆነው? ቃሉን ያደሩት እንግዶች ሁሉ ያውቁታል። የእንግዶቹ ወዳጆች ያውቁታል። በርዎ ላይ ተራ የሚጠብቁት የባጃጅ ሹፌሮችም እንደሚያውቁት አልጠራጠርም። ያ ሰው እርስዎ ዘንድ ላይሆን ይችላል ያደረው። ደህንነት የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ ከመሰለል ጋርም ምንም የሚያገናኘው የለም።

ለዚህ መፍትሔው በየክፍሉ የሚሰጥ ቫውቸር ነው። እንግዳው ሲገባ ቁልፉን ከአንዲት ቁርጥራጭ ወረቀት ጋር ይቀበላል፤ ወረቀቷ ላይ ያለው ኮድ ክፍሉን በለቀቀበት ሰዓት ይሞታል። በአገራችን ብዙ ቦታ የሚገኙት የማይክሮቲክ ራውተሮች (ኢንተርኔቱን ለክፍሎቹ የሚያከፋፍሉ መሣሪያዎች) ይህን ያለ ተጨማሪ መሣሪያ ይሠራሉ። ስልኩን በራሱ መለያ ቁጥር ለመለየት መሞከር ከንቱ ድካም ነው፤ ከአንድሮይድ 10 እና ከአይፎን ሥርዓት 14 ወዲህ ስልኮች ለየዋይፋዩ የፈጠራ ቁጥር ነው የሚያሳዩት።

ቀጥሎ ያለውን ለወጣቱ ያሳዩት፣ ይገባዋል። ቤትዎ ወደ ውጭ የሚታየው በአንድ አይፒ አድራሻ ነው፤ ራውተሩ የክፍሎቹን ግንኙነት የሚለየው በፖርት ቁጥር፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ግንኙነት በሚሰጠው መለያ ቁጥር ነው። ጠቅላላ 65,536 ፖርቶች አሉ። የመጀመሪያዎቹን 1,024 ትቶ ለእያንዳንዱ ክፍል ቋሚ 4,000 ፖርት ይመድብ። ለ14 ክፍሎች 56,000 ይሆናል፤ የተረፈው ለቢሮዎ ይበቃል። ከዚያ በኋላ ማን የት እንደሄደ መመዝገብ ጨርሶ አያስፈልግም። ወደፊት መርማሪ አይፒ አድራሻ፣ የፖርት ቁጥርና ሰዓት ይዞ ሲመጣ «ይህ የፖርት ክልል የ6 ቁጥር ክፍል ነው፤ ቫውቸሩ በዚያ ሰዓት በሥራ ላይ ነበር» ብለው በአንድ መስመር ይመልሳሉ። የፖርት ቁጥር ካልያዘ የጎደለው እርሱ ዘንድ ነው። ድረ ገጾች የጎብኚውን ፖርት አብረው እንዲመዘግቡ የኢንተርኔት ደረጃ አውጪዎች ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲመክሩ ኖረዋል፤ ሁሉም ግን አይሰማም።

ይህ የሚሠራው መስመርዎ የራሱ የሆነ የውጭ አድራሻ ካለው ነው። ራውተሩ በውጭ በኩል የሚያሳየው አድራሻ በ10 የሚጀምር ከሆነ፣ ወይም በ100 ጀምሮ ሁለተኛው ቁጥር ከ64 እስከ 127 ውስጥ ከወደቀ፣ አንዱን የውጭ አድራሻ ከብዙ የማያውቋቸው ደንበኞች ጋር ይጋራሉ ማለት ነው። እንዲህ ከሆነ ዓለም የሚያየው ፖርት የእርስዎ አይደለም፤ ቋሚ አድራሻ ከአቅራቢዎ ይጠይቁ። መርማሪዎቹ ከቤትዎ መስመር ነው ያሉትም በምን ተመርተው እንደሆነ መጠየቅ ያለብዎት በዚሁ ምክንያት ነው።

አሁን ስለ ሰዓት። እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ ያፈርኩበት ነገር ስለሆነ።

ከዓመታት በፊት የአንድ ኮሌጅ ኔትወርክ በእኔ እጅ ነበር። ማታ 2 ሰዓት ላይ ከግቢው መስመር ለአንዲት ሴት የዛቻ መልእክት ተላከ ተብሎ ተጠየቅሁ። መዝገቡን ከፈትኩ፣ 20:00 ላይ ያለውን መስመር አገኘሁ፣ የአንድ ተማሪ ስም ጽፌ ሰጠሁ። ልጁ ግማሽ ቀን ሲጠየቅ ዋለ። በማግስቱ ነው ራውተሩ የሚቆጥረው በዓለም አቀፉ ሰዓት መሆኑን ያየሁት፤ ከእኛ በሦስት ሰዓት ወደ ኋላ። እኔ የማታ 2 ሰዓት ያልኩት መስመር የሌሊት 5 ሰዓት ነበር። ልጁ ዛቻውን የላከው ሰው ከወጣ በኋላ የገባ ነው። ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፤ እርሱም «ምንም አይደል» አለኝ። ምንም እንዳልነበረ ግን ከፊቱ አላነበብኩም።

በእኛ አገር ይህ ስሕተት ከሌላው ዓለም ይልቅ ቅርብ ነው። «ማክሰኞ ሌሊት 7 ሰዓት» ብለን የምንጽፈውን በአገር ሰዓት የተስተካከለ ራውተር «ረቡዕ 01:00» ይለዋል፤ ያልተስተካከለው «ማክሰኞ 22:00»። ቀኑም እንደዚሁ ነው። በደብዳቤ ላይ 10/05/2017 ተብሎ የተጻፈው ጥር 10 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው፤ በራውተሩ አቆጣጠር ጥር 18 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. መሆኑ ነው። አንዱ ግን ቸኩሎ የ2017ቱ የፈረንጅ ግንቦት ያደርገዋል። መብራት ሲጠፋና ሲመጣ ደግሞ ባትሪ የሌላቸው ርካሽ ራውተሮች ሰዓታቸውን ረስተው ከብዙ ዓመት በፊት ካለ ቀን ይጀምራሉ። ስለዚህ ራውተሩ በተነሣ ቁጥር ሰዓቱን ከኢንተርኔት እንዲያስተካክል ይደረግ። መልስ ሲሰጡም ቀኑንና ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፉ። የተሳሳተ ሰዓት ያለው መዝገብ ከሌለ መዝገብ ይብሳል፤ የሌለው ማንንም አይወነጅልም።

የሚቀመጠው እንግዲህ ይህ ነው፦ የቫውቸሩ ቁጥር፣ የክፍሉ ቁጥር፣ የተገባበትና የተወጣበት ሰዓት። ስም የለበትም። ስሙ ያለው በእንግዳ መዝገቡ ላይ ነው፤ ሁለቱ ለየብቻ ይቀመጡ፣ የሚገናኙትም በትእዛዝ ሲጠየቁ፣ በእርስዎ እጅ ብቻ። ፋይሉ በይለፍ ቃል የተቆለፈ ይሁን፣ ዓመት ሲሞላው ራሱ የሚሰረዝ ይሁን፣ የወጣቱ ፍላሽ ላይ ቅጂ አይኑር። በነገራችን ላይ የእንግዳ መዝገብዎ አሁን የት ነው? በብዙ ማረፊያዎች ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ነው የሚውለው። ተራው የደረሰ እንግዳ እስክሪብቶ እስኪመጣለት ድረስ ትናንት ማን ከማን ጋር እንዳደረ፣ ከነስልክ ቁጥሩ፣ ያነባል። ለዚያ ምንም መሣሪያ አላስፈለገም።

መርማሪዎቹ ተመልሰው ከመጡ በአክብሮት ይቀበሏቸው፣ መታወቂያቸውን ይዩ፣ ጥያቄው በደብዳቤ እንዲሆን ይጠይቁ። ይህ እንቢታ አይደለም። አዋጁ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ነው የሚያውቀው። አንደኛው አቆዩ የሚል ትእዛዝ ነው፤ ዳታው ይጠፋል ወይም ይለወጣል የሚል ሥጋት ካለ መርማሪው አካል በጽሑፍ ሊያዝዝዎት ይችላል፣ ለሦስት ወር፣ አስፈላጊ ከሆነም ለሌላ ሦስት ወር። ይህን ሲቀበሉ የተጠቀሰውን ቀን መዝገብ ለይተው ከመሰረዝ ያግዱት፤ ለማንም አይንገሩ። ሁለተኛው ስጡ የሚለው ነው፤ እርሱ ከፍርድ ቤት ይመጣል። በአስቸኳይ ጊዜ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ (ዛሬ በቦታው ያለው የፍትሕ ሚኒስቴር ነው) ፈቅዶ በ48 ሰዓት ውስጥ ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የሚቀርብበት ድንጋጌም አለ፤ ያ ግን በመካሄድ ላይ ያለ ግንኙነትን ስለመከታተል እንጂ ስለ ያለፈ መዝገብ አይደለም። በትእዛዙ ላይ የተጻፈውን ቀንና ሰዓት ብቻ ይስጡ። «ለጥንቃቄ» ብለው የሳምንቱን ሁሉ አይጨምሩ፤ የሌሎቹ 13 ክፍሎች እንግዶች አልተጠየቁም። የደብዳቤውን ቁጥርና ቀን፣ ምን እንደሰጡና ማን እንደፈረመ በአንድ ደብተር ላይ ያስፍሩ።

ስላለፈው ጥያቄ ያሎት መልስ ያው «የለኝም» ነው፤ እውነት ስለሆነ አይፍሩት። በጽሑፍ ይስጧቸው፣ የይለፍ ቃሉ ለሁሉም አንድ እንደነበረም ይግለጹ። ይህም ለምርመራው መረጃ ነው፤ ቤትዎ ያደሩትን ሁሉ ከመጠርጠር ያድናልና።

ለእንግዶች መንገር ተገቢ ነው። የበር ጀርባውን ወረቀት ይቅደዱና በቦታው ይህን ይለጥፉ፤ በሲዳምኛና በእንግሊዝኛም ያስተርጉሙት፦

«ዋይፋይ የሚከፈተው ከቁልፉ ጋር በተሰጠዎት ኮድ ነው። የክፍልዎ ቁጥር፣ የገቡበትና የወጡበት ሰዓት ይመዘገባል። የሚጎበኟቸው ድረ ገጾች አይመዘገቡም። መዝገቡ ከአንድ ዓመት በኋላ ይሰረዛል። ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ለማንም አይሰጥም።»

ከመለጠፍዎ በፊት ግን ወጣቱን አስቀምጠው፣ የጻፉት እያንዳንዱ መስመር እውነት መሆኑን ራውተሩን ከፍቶ ያሳይዎት።